የጉርብትና ዋጋ

በልደታ፣ በጌጃ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል የሚል ወሬ በሰሙ ጊዜ፣ «ካሳውንስ ይስጡኝ፤ የሚቀብረኝ ግን ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙ ዘመን ያስተማርሁ ሰው ስሆን መልስ አጣሁ።

ልጆቼ ሆይ፣ ነገሩን በሚዛን እንየው። ከተማ ያለ መንገድ፣ ያለ ውሃ ቧንቧና ያለ ፍሳሽ መውረጃ አይኖርም፤ ቧንቧውም ከአንዱ ደጅ ማለፉ ግድ ነው። የከተማ ቦታም ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የግል ርስት መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ቦታ ልቀቁ ማለት በራሱ ግፍ አይደለም።

ሆኖም ንጉሥ አክዓብም ናቡቴን በመጀመሪያ የጠየቀው በደግ ቃል ነበር፤ ስለ ወይን ቦታው የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ ሊሰጠው ወደደ። ግፉ የመጣው «አይሆንም» የሚለውን መልስ መታገሥ ባቃተው ጊዜ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረቱ ግምት ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። በዚህም ሕጉ ራሱ ጉርብትና ዋጋ እንዳለው መሰከረ። ነገር ግን ብር የኀዘን ድንኳን አይተክልም፤ በሌሊትም ሕመምተኛ አያስታምም።

እንግዲህ ነገ በማዘጋጃ ቤት ወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች፣ ፕላኑ ሳይቈረጥ ነዋሪውን ጠይቁ፤ መልሱንም በትዕግሥት ስሙ። ማንሣት ግድ ቢሆንም ዕድርተኛውን አትበትኑ፤ በአንድነት አስፍሩት። የእኒያ እናት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።