ምርመራ የበዛለት ሁሉ ጤና ይበዛለታልን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ሐኪም ቤት ገብቶ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መመርመር ነው። እኔም በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ ይህ ምኞት ያዘኝ። አንድ ሰሞን ራሴን እያመመኝ ሰውነቴም እየደከመ ስለ ተቸገርሁ፣ በጎንደር ከተማ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ምን እንደሚሰማኝ ሳልጠየቅ ደም ይስጡ፣ ሽንት ይስጡ፣ ሰገራ ይስጡ ተባልሁ። ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎ ብለው የአሥር ቀን ክኒን ሰጡኝ። ሕመሙ አልለቀቀኝም፤ በወሩ ተመለስሁ፤ ያው ምርመራ፣ ያው ውጤት፣ ሌላ ክኒን። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘብ ባወጣሁ ቍጥር ወደ ጤና የቀረብሁ ይመስለኝ ነበር።

በኋላ ጤና መኰንን ወደ ሆነ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሄድሁ። እርሱ ደም አልወሰደም። አስቀመጠኝና ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ጨው አወዳደዴ ጠየቀኝ፤ ከዚያም የደም ግፊቴን ለካ። 180 በ110 ነበር። ሦስት ጊዜ ደሜ ሲቀዳ ግፊቴን የለካ ሰው አልነበረም! እኔ ግን አመሰግነው ዘንድ ሲገባኝ፣ «ደም ሳትወስድ ምኑን አከምኸኝ?» ብዬ ተቆጣሁት። «ጋሼ፣ ውጤቱ የማደርገውን ነገር የማይለውጠው ከሆነ ለምን እወጋዎታለሁ?» አለኝ።

የታይፎይዱንም ነገር አስረዳኝ። በየክሊኒኩ የሚደረገው ቪዳል የተባለው ምርመራ የሚፈልገው ጀርሙን ራሱን አይደለም፤ ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው። ይህም በሽታው ከለቀቀ በኋላ በደም ውስጥ ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ ታይፎይድ በሚመላለስበት አገር አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም ብቻ የዛሬውን በሽታ ከዱሮው መለየት ያስቸግራል። በከንቱ የተዋጠውም ክኒን ጀርሞቹን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምዳቸዋል።

ይህ የድኻ አገር ጕድ ብቻ እንዳይመስልህ። በደቡብ ኮርያ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት የካንሰር ምርመራን ለሕዝቡ ሲያስፋፋ፣ ሐኪም ቤቶች በጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ አንገትን በአልትራሳውንድ ማየት ጀመሩ። በ2011 የተገኘው የእንቅርት ዕጢ ካንሰር በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆነ፤ በእርሱ የሚሞተው ሰው ቍጥር ግን አልቀነሰም። ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕጢያቸው ተቈርጦ ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ዋጪዎች ሆኑ።

የጎንደር ሰው ይህን ሊስተው አይገባውም ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በከተማችን ሲከፈት፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ወባ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ ምንጭ ማጎልበትና መጸዳጃ ማስቆፈርም ከሕክምና ይቈጠር ነበር። እኛ ልጆቹ «ጕድጓድ ቆፋሪ ሐኪም» እያልን እንሥቅ ነበር።

ይህን ስል ግን ምርመራን የማጣጥል አድርገህ አትየኝ። ታላቅ እኅቴ በጃናሞራ ትኖር ነበር። ሳል ጀመራት፤ ወራት አለፉ፤ ሥጋዋ አለቀ። ጎንደር መጥታ እኔ ዘንድ ባደረች ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ሰማሁ። «እትዬ፣ የደጋ ብርድ ነው፤ ይለቅሻል» ብዬ ማርና ዝንጅብል አስይዤ የሸኘኋት እኔ የተማርሁት ነኝ። ሐኪም ቤቱ ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። አክታዋን በአጉሊ መነጽር ቢያዩት ሳንባ ነቀርሳው ይታወቅ ነበር፤ መድኃኒቱም በአገሩ ነበረ። በመጨረሻ አክታዋ ሲመረመር ከአልጋ መነሣት ተስኗት ነበር፤ ሦስት ሳምንት አልቈየችም።

ተማሪዬ ያን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ዝም ያልሁት መልስ አጥቼ አልነበረም፤ እርሷን አስቤ ነው።