ለልጅ ልጄ፦ ስለ አዳምና ስለ ድንቅነሽ

ልጄ፣ እናትሽ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ባዮሎጂ ማጥናትሽ ኩራቷ ነበር። ለበዓል ስትመጪ ግን ማዕድ ላይ «ሰው የመጣው ከዝንጀሮ ነው፣ የአዳም ነገር ተረት ነው» አልሽ፤ እሷም «እንዲህ የሚያስብል ትምህርት ከሆነ ይቅርብሽ» አለች፤ ሳትታረቁም ተለያያችሁ። ፈራጅ ልሆን አይደለም የጻፍኩልሽ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ በጉልምስናዬ ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ሁለቱም ቤት ቤቴ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ አንቺ እምቢ የምትይ ልጅ እንዳልሆንሽ ስለማውቅ በረጅሙ ልጻፍልሽ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። እናትሽን ያስለቀስሽበት ዐረፍተ ነገር በራሱ በሳይንሱ ሚዛን እንኳ ትክክል አይደለም። ሰው ከሰሜን ተራራ ጭላዳ ወይም ከኮንጎ ጫካ ቺምፓንዚ መጣ የሚል ሳይንስ የለም። የሚባለው ሌላ ነው፤ ሰውና ቺምፓንዚ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ፣ ዛሬ ያለውን ሰውም ዛሬ ያለውን ቺምፓንዚም ያልሆነ አንድ የጋራ ቀደምት ነበራቸው ነው። ጭላዳማ ከዚያም የራቀ ዘመድ ነው። ዳርዊንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ስለ ሰው አመጣጥ የተናገረው ከአንድ ዐረፍተ ነገር እምብዛም አያልፍም፤ ስለ ሰው ራሱን የቻለ መጽሐፍ የጻፈው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ጉዳይ ከሚጯጯሁት ሰዎች፣ ከደጋፊውም ከተቃዋሚውም፣ ሁለቱን መጻሕፍት የገለጠ ጥቂት ነው። አንቺ ከጥቂቶቹ ሁኚ።

አሁን እናትሽ ልትቀበለው የምትችለውን ማስረጃ ላሳይሽ። ቅድመ አያትሽ ቁም ጸሐፊ እንደነበሩ ታውቂያለሽ፤ እናትሽ ያደገችው ብራና ሲፋቅና ቀለም ሲበጠበጥ እያየች ነው። በሁለት ገዳማት ያሉ ሁለት ዳዊቶች ቢመረመሩና በሁለቱም ያው መስመር፣ ያው ቦታ ላይ ተዘሎ ቢገኝ ምን ትላለች? ሁለት ጸሐፊዎች በአጋጣሚ ያቺው ቃል ላይ አንቀላፉ አትልም። ሁለቱም ከአንድ ቀድሞ ከተሳሳተ ቅጂ ተገለበጡ ትላለች። አሁን ቫይታሚን ሲን ተመልከቺ። ፍየል፣ ላምና ውሻ ጉበታቸው ውስጥ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ሎሚ ፍለጋ አይሄዱም። እኛ አንሠራም፤ ድሮ ረጅም የባሕር ጉዞ ላይ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ የሚያልቁት በዚህ ነበር። የሚገርመው ግን የመሥሪያው ጂን ከኛ ዘንድ አለመጥፋቱ ነው። አለ፤ ግን ተበላሽቷል። በቺምፓንዚ፣ በጎሪላና በሌሎችም የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች ውስጥም ያው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ጠባሳዎች ከኛው ጋር አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ጊኒ ፒግ የተባለችው ትንሽ እንስሳም ቫይታሚን ሲ መሥራት አትችልም፤ የእሷ ጂን የተበላሸው ግን በሌላ መንገድ ነው። ያኛው የሌላ ጸሐፊ ስህተት ነው። ይህን ለእናትሽ በብራናው በኩል ብትነግሪያት ከዝንጀሮው ዐረፍተ ነገር ይልቅ ይገባታል፤ እኔ ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር አስተምሬአለሁ፣ ተማሪን ዝም የሚያሰኝ እንደዚህ ያለ ማስረጃ ግን አላገኘሁም።

ሌላም አለ። ቺምፓንዚና ጎሪላ 48 ክሮሞዞም አላቸው፣ እኛ 46። ሁለተኛው ክሮሞዞማችን ሲታይ በእነሱ ዘንድ ለየብቻ ያሉት ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ይገኛሉ፤ በክሮሞዞም ዳር ብቻ መገኘት የሚገባው የጫፍ ምልክት በእኛው መሐል ላይ ተቀምጧል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ጂኑ ብቻውን፣ አጥንቱ ብቻውን፣ የአለቱ ዕድሜ ብቻውን ሊከራከሩበት ይቻላል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ግን መካድ ይከብዳል። ሃይማኖትን ለመጠበቅ ብለሽ ይህን አታድበስብሺ። እግዚአብሔር ጠበቃው እንዲዋሽለት አይፈልግም።

ስለ አጥንቱ ስናነሣ ደግሞ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው በኛ ደርሷል። ፈረንጅ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚያየውን እኛ አምስት ኪሎ ሙዚየም ወርደን አናይም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሃዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ያገኛት የሕፃኗ ሰላም ዕድሜ 3.3 ሚሊዮን፣ የአርዲ 4.4 ሚሊዮን ነው፤ የአርዲን የመጀመሪያ የእጅ አጥንቶች ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እንድትቆሚባቸው የምፈልገው የሄርቶዎቹ ራስ ቅሎች ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አፋር ውስጥ ተገኙ፤ ዕድሜያቸው ወደ 160 ሺህ ዓመት ነው፣ ከአጥኚዎቹ መሪዎች አንዱም ብርሃኔ አስፋው ነው። ከመካከላቸው አንዱ የልጅ ራስ ቅል ነው። ሥጋው በድንጋይ ስለት እንደተለየ የሚያሳይ ጭረት አለበት፤ አጥንቱም በእጅ ብዛት እንደተወለወለ ሆኖ ለስልሷል። አጥኚዎቹ ይህ ለሙታን ይደረግ የነበረ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም አሉ። እስቲ አስቢው፤ ያን ሁሉ ዘመን ወደ ኋላ ሄደሽ የሞተ ልጁን ራስ ቅል ሳይጥል በእጁ ሲይዘው የኖረ ወላጅ ታገኚያለሽ። ይህ ሰው ነፍስ ነበረው አልነበረውም የሚለውን ጥያቄ ምንም ዓይነት የላቦራቶሪ ማሽን አይመልስልሽም። እናትሽ ግን ልትመልስልሽ ትሞክራለች፤ አድምጫት።

በዚህ ነገር ግን አገራዊ ኩራት አያስክርሽ። ምድረ ቀደምት መባላችን ያስደስተኛል፤ ሆኖም ሞሮኮ ውስጥ ጀበል ኢርሁድ የተባለ ቦታ ላይ የተገኙት ቅሪቶች 300 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ታውቋል። የኛው የኦሞ ኪቢሽ ሰውም እ.ኤ.አ. በ1967 ሲገኝ 130 ሺህ ዓመት ተባለ፣ በ2005 ወደ 195 ሺህ ከፍ አለ፣ በ2022 ደግሞ ከ230 ሺህ እንደማያንስ ተነገረ። አንዳንዱ ይህን ይዞ «አያችሁ፣ እነሱም አያውቁትም» ይላል። አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ቁጥሩን ያረሙት ተቺዎች ሳይሆኑ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ወደ ሌላው ቤታችን ልግባ። ዝግመተ ለውጥን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች አልልሽም፤ አታስተምርም። እናትሽ የያዘችው ዘመን ከ7500 ዓመት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር። ይህን ቁጥር ከመናቅሽ በፊት ሥራውን እወቂው። ባሕረ ሐሳብ የሚቆመው በእሱ ነው፤ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው የዓመቱን ወንጌላዊ ይነግርሻል፣ ጾሙና በዓሉም ከዚያው ሒሳብ ይወጣል። ደግሞም አባቶች 5500ን ያገኙት ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ቈጥረው ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ቀን የተባለው ሁሉ የፀሐይ ቀን እንዳልሆነ እነሱ ከማንም አስቀድመው ያውቁ ነበር። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ ከእሁድ እስከ ማክሰኞ ያሉት ቀናት በምን ተለኩ የሚለውም ጥያቄ የዛሬ ከሓዲዎች ያመጡት አይደለም፤ የጥንት ሊቃውንት በግልጽ የተወያዩበት ነው። የሂፖው አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዘፍጥረትን ሲተረጉም ምእመናን ስለ ተፈጥሮ የማያውቁትን እየተናገሩ ቅዱስ መጽሐፍን መሳቂያ እንዳያደርጉ አጥብቆ አስጠንቅቋል። አንድምታ በሚባል ትርጓሜ ያደገ ሰው፣ አንዱን ጥቅስ በሁለትና በሦስት መንገድ ሲፈታ የሰማ ሰው፣ አንድ ንባብ ብቻ ካልሆነ ሃይማኖቴ ፈረሰ ማለት አይገባውም።

ያመኑና የመረመሩ ሰዎች ደግሞ ሞልተዋል። የዘር ውርስን ሕግ በአተር ላይ ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር። ዝግመተ ለውጥንና የጂን ጥናትን ካጣመሩት ታላላቆች አንዱ የሆነው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የሰውን ጂኖም የማንበቡን ፕሮጀክት እስከ ፍጻሜው የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስም ክርስቲያንነቱን ሸሽጎ አያውቅም። ማመን አለማመንሽ የአንቺ ነው፤ «የተማረ አያምንም» የሚሉሽን ግን አትስሚ።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅሽ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሦስት ተመራማሪዎች ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አጥንተው የዛሬ ሰው ሁሉ በእናት መሥመር ከ200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካ ውስጥ ወደኖረች አንዲት ሴት እንደሚደርስ አሳዩ። ሴቲቱም ሔዋን ተባለች። ይህን ሰምተው «ሳይንስ ሔዋንን አገኘ» ብለው የሰበኩ አሉ። ያቺ ሴት ግን በዘመኗ ብቻዋን አልነበረችም፤ የሌሎቹ ሴቶች የሴት ልጅ መሥመር በጊዜ ብዛት ስለተቋረጠ ነው የሷ ብቻ የቀረው። በጂኑ ስፋት ሲመዘን የቀደምቶቻችን ቁጥር በሺዎች እንጂ በሁለት አይቆጠርም። ይህ ለእናትሽ ከባድ ነው፣ ለእኔም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ሃይማኖትን ነገ በሚሰበር ምርኩዝ ከመደገፍ እውነቱን ይዞ መጨነቅ ይሻላል።

ሁለቱ ቤቶች ያለ ጭቅጭቅ የሚገናኙበትን ነገር ግን አጥብቀሽ ያዢው፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነውና። ዘፍጥረት ሁላችንም የአንድ አባት ልጆች ነን ይላል፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ያንኑ አዳምን አባቱ ይለዋል። ጂኑም ሁለት ሰዎች ከሺህ ፊደል 999ኙን ይጋራሉ ይላል። ሪቻርድ ለዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው ከሰው ልጅ ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንዱ ሕዝብ ውስጥ ባሉት ሰዎች መካከል እንጂ በሕዝቦች መካከል አይደለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲሉ አያቶቻችን ይህንኑ ማለታቸው ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለውን ተረት እየጠቀሰ ጎረቤቱን በዘር የሚለይ ሰው ስታገኚ አዳምንም ዲኤንኤንም ጠርተሽ ተሟገቺው። እዚያ ላይ ብትጮሂ አልቆጣሽም።

እናትሽን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። በማኅበር ወይም እንግዳ ባለበት ነገሩን አታንሺ፤ ሰው ፊት የተነካ ሰው መልሱን እንጂ እውነቱን አይፈልግም። ቡና ስታፈላ ብቻዋን ሳለች አጠገቧ ተቀመጪና ከመናገርሽ በፊት ጠይቂያት፤ «አዳም ከአፈር ተፈጠረ ሲባል ለአንቺ ምን ማለት ነው?» በያት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ስትመልስ አታቋርጫት። ያላመንሽበትን ነገር አመንኩ ብለሽ አትዋሻት፤ «ተረት» የሚለውን ቃል ግን ሁለተኛ ከአፍሽ አይውጣ፤ እሷ በዚያ ታሪክ ነው ልጆቿን ያሳደገችው፣ የሞቱባትንም የቀበረችው። በአንድ ቀን ካልተግባባችሁ ተይው፤ ዝም አይነቅዝም።

ወደ እኔ ስትመጪ ስለ ኦሞው እ.ኤ.አ. የ2022 ጥናት የሚያስረዳ ጽሑፍ ካለሽ ይዘሽልኝ ነይ። ከአጥንቶቹ በላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ከሻላ እንደ መጣ ያወቁት በኬሚካሉ ይዘት ነው መባሉን ሰምቻለሁ፤ መጠኑን እንዴት እንዳነጻጸሩት ቁጭ ብለሽ እንድታስረጂኝ እፈልጋለሁ።