የጾሙን ድስት የለየ እጅ

ልጆቼ፣ በተለይ አዲስ ጎጆ የወጣችሁና የመጀመሪያ ልጃችሁን የምታሳድጉ፣ ዛሬ የምመክራችሁ ስለ ምግብ አለርጂ ነው። «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን አይነካንም» የሚላችሁ አይጠፋም። እንዳትሰሙት። በእኛም ሰፈር ወተት ሲቀምስ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ እንቁላል ሲበላ ገላው በሽፍታ የሚወረር፣ ለውዝ ሲነካ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ አለ። አንዳንዱን ደግሞ አለርጂው ሁለትና ሦስት ምግብ በአንድ ላይ ይከለክለዋል። እናቱ «እንግዲህ ምን ላብላው?» ብላ የምትጨነቀው ያን ጊዜ ነው።

ለእሷ የምላት አለኝ። የጎንደር ማእድ ቤት ምግብ መለየትን ድሮ ተምሮ የጨረሰ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያትና ፍልሰታ ሲመጣ ቅቤ የነካው ማንኪያ የጾም ወጥ እንዳይነካ እናቶቻችን ሲጠነቀቁ ኖረዋል። የጾሙ ድስት ለብቻው፣ የፍስኩ ለብቻው ነው። እስላም ጎረቤቶቻችንም ሐላሉን ከሐራሙ ለይተው በአንድ ሰፈር አብረውን ኖረዋል። እንግዲህ ለሃይማኖታችን የምንጠነቀቀውን ያህል ለልጁ ሕይወት እንጠንቀቅ። ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

በቅድሚያ ነገሩን እወቁት። አለርጂ የሚባለው የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል በምግቡ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፦ ማሳከክ፣ ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን ቆብ እብጠት፣ ማስመለስ፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው ግን ሌላ ነው። ያ የወተቱን ስኳር መፍጨት ያቃተው ሆድ ነው፤ በአገራችን አዋቂዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እርጎ ይሻለዋል፤ ለሕይወቱም አያሰጋውም። ለወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን እርጎውም አይቡም አሬራውም ያው ወተት ነው። ተነጥሮ የጠራ ቅቤ እንኳ የወተት ፕሮቲን ርዝራዥ ሊቀርበት ይችላል።

ይህን ባለማወቅ የሚደርሰው ጥፋት ብዙ ነው። ልጁ ሰው ቤት በልቶ ወዲያው ሲያስመልስና ሲያብጥ «ዓይን ነው፤ ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ያበላችው ጎረቤት ያለ ጥፋቷ ስሟ ይጠፋል። በወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች በዚሁ ስም ስንት ዘመን ሲገለሉ እንደኖሩ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። ሽፍታው ሲወጣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጉሮሮው ሲያብጥ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ መውሰድ ነው። እንጥል ማስቆረጥ በጤነኛ ልጅ ላይ እንኳ ደም መፍሰስና መመርቀዝ የሚያመጣ ጎጂ ልማድ ነው፤ ጉሮሮው ባበጠ ልጅ ላይማ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ጸሎቱም ጠበሉም አይቅር፤ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ግን መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛው ምክሬ፣ በግምት ምግብ አትከልክሉ። ሽፍታ ሁሉ ከምግብ አይመጣም። አንዲት እናት በጥርጣሬ ብቻ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ስንዴውን፣ ጥራጥሬውን ሁሉ ስታስቀር ልጁ ከአለርጂው ይልቅ በረሃብ ይጎዳል። በደጋው አገራችን መቀንጨር የታወቀ ችግር ነው፤ እኛ ደግሞ አንጨምርበት። ደብተር ያዙና ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደታየበት፣ ቀድሞ ያንኑ በልቶ ምን እንደሆነ ጻፉ። ያንን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ከተጀመረ ወዲህ ለአገር ሁሉ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ነው፤ በሆስፒታሉም የሕፃናት ሐኪሞች አሉ። ለሐኪሙ በትክክል የተጻፈ የምግብ ታሪክን የመሰለ ማስረጃ አይገኝለትም። ወተትና እንቁላል የማይስማማቸው ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋልና በየጊዜው እየተመለሳችሁ ጠይቁ። «ትቶት ይሆናል» ብላችሁ ግን በቤታችሁ አትሞክሩት።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። በአለርጂ ዓይን ስታዩት ማእድ ቤታችን ሁለት ነው። የፍስኩ ማእድ ቤት ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ልጅ አስቸጋሪ ነው። ዶሮ ወጥ ቅቤም እንቁላልም አለበት፤ እንቁላሉ ወጡ ውስጥ ስለሚገባ «እንቁላሉን ትቼ በመረቁ ላጉርሰው» ማለት አያዋጣም። የጾሙ ማእድ ቤት ለዚህ ልጅ እረፍት ነው። ጥራጥሬና የቅባት እህል ለማይስማማው ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጾም ሲገባ ቤቱ ሁሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ሰናፍጭ ይሆንበታል። ሽሮ ራሱ አንድ እህል አይደለም፤ አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አንዳንዴም ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ግብጦና አብሽም ላይስማሙት ይችላሉ፤ ሁሉም የአንድ ዘር ዘመዳሞች ናቸው። ግብጦ ለቀናት ሲነከር ምሬቱ ይወጣል እንጂ አለርጂ የሚያመጣው ፕሮቲን አይወጣም። አብሽ ደግሞ በምንቸት አብሽ ብቻ አይገኝም፤ በተነጠረ ቅቤ፣ በአንዳንድ ቤት በርበሬም ውስጥ ተደብቆ ይገባል። መጾም የጀመረና ይህ ችግር የጸናበት ልጅ ካላችሁ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለች።

ድስት ብቻ ለይታችሁ ግን አታርፉም። ምግቡ ቤታችሁ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው በሮች አሉ። የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ነው። ከእናንተ በፊት ሽምብራ ወይም ስንዴ ከተፈጨ ርዝራዡ ከእናንተ ጤፍ ጋር ይወጣል። ባለወፍጮውን አስረድታችሁ ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ጠዋት ቀዳሚ ሁኑ፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ ለዩት፤ ለልጁ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ። አለርጂው የጸናበት ከሆነ ግን ይህም ስለማይበቃ በቤት መውቀጥና መፍጨት ይሻላል። ሁለተኛው በር እርሾ ነው። ከጎረቤት የተዋሳችሁት እርሾ የገብስ ወይም የስንዴ ሊጥ ሊኖርበት ይችላልና የልጁን እርሾ በቤታችሁ አንሡ። ሦስተኛው ምጣድ ነው፦ በምን አሰሳችሁት? ጎመን ዘር የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ሰናፍጭ ለማይስማማው ልጅ ያሰጋል። አራተኛው ዘይት ነው፤ ኑግ የሚጨመቅበት መጭመቂያ ትናንት ሰሊጥ ወይም ለውዝ ጨምቆ ሊሆን ይችላል። ከገበያ እንጀራ የምትገዙም «ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ድብልቅ?» ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ጤፍና ዳጉሳ ስንዴ ለማይስማማው ልጅ ትልቅ በረከት ናቸው። በደጋው የምንወደውን የገብስ እንጀራ፣ በሶና ገንፎ ግን፣ ገብስ የስንዴ የቅርብ ዘመድ ነውና ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡት።

«ምን ላብላው?» ላለችው እናት የሚበላው አላለቀም። የጤፍ እንጀራ፣ የፎገራ ሩዝ፣ ከዳባትና ከደባርቅ የሚወርደው ድንችና ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባ፣ የበግ አልጫ በዘይት፣ ከጣና የሚመጣው ዓሣም ለሚስማማው። በርበሬውን አብሽ ሳይገባበት ለብቻ አዘጋጁና በታሸገ ዕቃ አስቀምጡ። ሁለት ወጥ በመሥራት ግን ራሳችሁን አታድክሙ። ለልጁ የሚሆነውን ወጥ የቤቱ ሁሉ ወጥ አድርጋችሁ ሥሩ፤ የልጁን ድርሻ በንጹሕ ጭልፋ ቀድማችሁ አውጡ፤ ቅቤው ለቀረው ይጨመር። ይህን ስታደርጉ ልጁ ከቤተሰቡ የተለየ ምግብ እንደሚበላ አይሰማውም። በአንድ ትሪ ላይ ግን ወጡ ከወጥ ስለሚነካካ የእሱ ሳህን ለብቻው ይሁን፤ መቀመጫው ግን ከሁሉ ጋር።

ከሁሉ የሚከብደው ጉርሻ ነው። የእኛ ፍቅር በእጅ ነው የሚገለጸው፤ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሕፃን ሲያዩ ያጎርሳሉ። ይህን ፍቅር አታስቀይሙት፤ መንገድ አብጁለት እንጂ። ከበዓሉ በፊት አማታችሁን ለብቻቸው ቁጭ አድርጋችሁ በትሕትና አስረዱ፤ በሰው ፊት አትከልክሏቸው። ከዚያ ከልጁ ሳህን ላይ አንሥተው ያጉርሱት፤ ጉርሻውም ፍቅሩም ይደርሰዋል። አንዴ የገባቸው አያት ከማንም በላይ ጠባቂ ይሆናሉ። ለጥምቀት ጥር 11 ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርዱ፣ ለሰርግ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር ስትሄዱ ልጁ ቤቱ ጠግቦ ይውጣ፤ የራሱም ምግብ በአገልግል ይያዝለት። አምስት ዓመት ሲሞላው «ይህ አይስማማኝም፤ እናቴን ልጠይቅ» ማለትን አስተምሩት። መምህሩንም ንገሩ። የልጆች ኪስ ቆሎ ውስጥ ሽምብራ፣ ሱፍና ለውዝ ይደባለቃልና መዘጋገን በሚወዱበት ዕድሜ ይህ ትልቁ አደጋ ነው።

ልጅ ገና ለምትወልዱም አንድ ቃል አለኝ። አራስ ሕፃን ቅቤ ማላስ ይቅር፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ምግብ ስትጀምሩ ከስድስትና ከሰባት እህል የተዘጋጀ ምጥን ዱቄት በመጀመሪያው ቀን አትስጡ፤ አንዱ ባይስማማው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። አንድ በአንድ፣ ጥቂት ጥቂት አስለምዱት፤ የተስማማውን ከዚያ ወዲያ አመጣጥኑት። ከሱቅ የምትገዙት የሕፃናት ዱቄትም ስንዴ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ሊኖረው ይችላልና ማሸጊያውን አንብቡ። ለሰውነት መጠገኛ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ከለውዝና ከወተት ዱቄት የሚሠራ ስለሆነ ልጁ አለርጂ ካለበት አስቀድማችሁ ለባለሙያው ተናገሩ። ፈርታችሁ ግን ምግብ አታዘግዩ። በለንደን 640 ሕፃናት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት ገና በሕፃንነታቸው ለውዝ መቅመስ የጀመሩት፣ እስከ አምስት ዓመት ከተከለከሉት ይልቅ በለውዝ አለርጂ የመያዛቸው ነገር ከአምስት አራት እጅ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ገላው በከባድ ችፌ የተጎዳ ወይም አንድ አለርጂ የታየበት ሕፃን ግን በሐኪም ምክር ይጀምር። ፍሬውን እንዳለ መስጠትም ያንቃል፤ የላመ ይሁን።

ከጥንቃቄው ሁሉ አምልጦ የመጣ ቀን ደግሞ የምታደርጉትን ከወዲሁ እወቁ። ሽፍታ ከማስመለስ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከድምፅ መዘጋት ወይም ከመዝለፍለፍ ጋር ከመጣ ለሕይወት ያሰጋል። መድኃኒቱ በጭኑ ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የማሳከክ ክኒንና ሽሮፕ ብቻውን አይተካውም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እስክትደርሱ ልጁን አስተኙት፤ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ደግፋችሁ አስቀምጡት፤ አታስሩጡት፤ በአፉም ምንም አትስጡት። ተሽሎት እንኳ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ባለሙያው ሳይፈቅድ ወደ ቤት አትመለሱ። ከጃናሞራና ከበየዳ ደባርቅ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ደባርቅም ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬውኑ በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን እንዳለው ጠይቁ፤ የአምቡላንሱን ስልክ በግድግዳችሁ ላይ ጻፉ፤ የልጁን ነገር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስቀድማችሁ ንገሩ።

አባቶች ሆይ፣ ይህ ሸክም የእናትየዋ ብቻ አይደለም። ወፍጮ ቤት የምትልኩት እናንተ ናችሁ፤ ከገበያ ብስኩት ይዛችሁ የምትገቡትም እናንተ ናችሁ። የልጁን ወጥ መሥራት ተማሩ። «ምን አበላሽው?» ብላችሁ አትውቀሷት፤ አለርጂ የእናት ጥፋት አይደለም። ወንድሞቹና እኅቶቹም ይማሩ፤ ያወቀ ወንድም ይጠብቀዋል፤ ያላወቀ ግን በፍቅር ያጎርሰዋል።

ጎረቤቶችም ሆይ፣ የሰው ልጅ ሳትጠይቁ አታጉርሱ። «ይስማማዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከእንግዲህ በጎንደር የጨዋነት ወግ ይሁን። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።