ከሕይወት ታሪኳ የሰረዝኩት አንቀጽ

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። ከጻፍኩት ውስጥ በጣም እውነት የነበረውን አንቀጽ ግን ራሴው ሰረዝኩት።

እትዬ ጅማ ውስጥ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ፣ ፀጉር ሰሪ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ብቻ ነበር የሚላት፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራት። ፀጉር ቤቷ አንድ ክፍል ናት። አንድ ካስክ፣ ሁለት መስታወት፣ ሹሩባ ለሚሠሩ የጅማ በርጩማ፣ ሙስሊም ደንበኞቿ ሲመጡ ደግሞ በሩ ላይ የሚጋረድ አረንጓዴ መጋረጃ። ቡና ተሸጦ ገንዘብ ከእነ አጋሮ ወደ ከተማ ሲገባ፣ በሠርግ ሰሞን፣ ወረፋው መንገድ ድረስ ይወጣል። እኔም በስድስት ዓመቴ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ «ሚጣዬ፣ አንገትሽን ቀና!» እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

በሩ ላይ ውሾቿ አሉ። «ውሾቿ» እላለሁ እንጂ ባለቤት የሌላቸው የመንገድ ውሾች ናቸው። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ ሰባት። ማታ ማታ ከሥጋ ቤት አጥንትና ትርፍራፊ ለምና ታመጣለች። ጋውኗን ቀይራ ታበላቸዋለች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠባለች፤ የውሻ ምራቅ ነጃሳ የሆነባቸው ደንበኞች እንዳሏት ታውቃለቻ። የውሻ ክትባት ሲሰጥ እየጎተተች ትወስዳቸዋለች። የተከተበው አንገት ላይ የፀጉር ሪባን ታስራለች። ቀይ ሪባን ያለው ውሻ ካየህ አትፍራ፣ የእትዬ ነው።

የሞተች ዕለት መርዶውን ሰምቼ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ታላቅ ወንድሟ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ኮምፒውተር የምታውቂው አንቺ ነሽ። የሕይወት ታሪኳን ጻፊልን» አሉኝ።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ እንደ ቅጽ ነው። ከአባቷ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደች። ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ ተማረች። ሠራች። ከዚያ «ባለትዳርና የይህን ያህል ልጆች እናት ነበረች» የሚለው ቦታ ይመጣል። እትዬ ጋ ያ ቦታ ባዶ ነው። እኔም በዚያ ምትክ ስለ ውሾቿ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ።

ወንድሟ ስልኬ ላይ አነበቡት። ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሄን አውጪው። ልጅ አጥታ ውሻ አሳደገች ይበሉ?» አሉ።

አወጣሁት። ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች። ሁሉም እውነት ነው። ግን እነዚህ ቃላት ለማንም ይሆናሉ። ያቺ የተነበበላት ሴት ማን እንደሆነች እኔ እንጃ።

በወንድሟ ልፈርድ አልፈልግም። እኔ ተመልሼ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ሰፈሩ ውስጥ ከወሬው ጋር የሚኖሩት እሳቸው ናቸው። ደግሞ የሰፈሩ ፍርሃት ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጇ መንገድ ላይ ውሻ እንዳይነክሰው የምትሰጋ እናት ጨካኝ አይደለችም። ያው ድርጅት ግን በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቆማል ይላል። በዚህ ሂሳብ ለሰፈሩ ልጆች ከሁላችንም በላይ የሠራችው ባለ ሪባኗ ሴት ናት።

ከፍርሃቱ የሚከብደኝ ሌላው ወቀሳ ነው፦ «ሰው እየተራበ ለውሻ?» ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። እትዬ ሐዘን ተቀምጣ የከረመች ሴት ከአርባ በኋላ ፀጉሯን ልትታጠብ ስትመጣ ገንዘብ አትቀበልም ነበር። ለውሻ የራራ ልብ ለሰውም ይራራል፣ አለቀ። ፈላስፋው ካንትም የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሲያገለግለው የኖረውን ውሻ አርጅቷል ብሎ የሚገድል ሰው የሚጎዳው የራሱን ሰብዓዊነት ነው ይላል። ለእንስሳ ደግ የምንሆነው ለሰው ደግ መሆንን እንድንለማመድ ነው እንደማለት።

አሁን ግን ይሄ መልስ አይጥመኝም። እትዬ ውሾቹ ላይ ልምምድ አልሠራችም። ክረምት ላይ በዝናብ የራሰውን ውሻ በአሮጌ ፎጣ ስታደርቅ ስለ ሰው ልጅ አታስብም፤ ስለዚያ ውሻ ነበር የምታስበው። በቡኻሪ ሐዲስ ውስጥ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ታሪክ አለ። ምሕረት ያገኘው በዚያ ውሃ ነው፤ ለሰው ምን እንዳደረገ ታሪኩ አይጠይቅም። በሉቃስ ወንጌልም አልዓዛር በሀብታሙ ደጅ ወድቆ ሳለ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ሁለቱም ታሪኮች ድንኳኑ ውስጥ በነበርነው ሰዎች መሀል የሚታወቁ ናቸው። እና ምን ነበር የሚያሳፍረው?

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ የምወቅሰው ራሴን ነው። ለረጅም ጊዜ «ቤተሰብ አክብሬ ነው የሰረዝኩት» እል ነበር። ውሸት ነው። «የማይመቻችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ይጻፈው» ማለት እችል ነበር። የሰረዝኩት ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «የውሾች እናት» የሚለው ሲነበብ ሰው ሲስቅ ታይቶኝ ስላፈርኩ ነው። እሷ በሕይወት ዘመኗ በየቀኑ የተሸከመችውን ሳቅ እኔ ሁለት ደቂቃ መሸከም አቃተኝ። አንድን ሰው ከሚወደው ነገር ነጥለን ስናስታውሰው ክብሩን የጠበቅንለት ይመስለናል። የምንጠብቀው ግን የራሳችንን ነው።

ፀጉር ቤቱ አሁን ተዘግቷል። ሪባን ካላቸው ውሾች አንዱ የእኛ በር ላይ ተኝቶ ያድራል። ውሻ አጠገቧ ድርሽ እንዲል የማትፈልገው እናቴ ትርፍራፊ ትጥልለታለች። ስልክ ላይ ጠየቅኳት። «ለእሷ ነፍስ ብዬ ነው እንጂ ለሱ አይደለም» አለችኝ። ካንት ቢሰማት ደስ ይለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስናወራ ድንገት ንግግሯን አቋርጣ «ቦቢ! ና ግባ፣ ዝናብ ነው!» ስትል ሰማኋት። ምንም አልጠየቅኳትም።

የሰረዝኩት አንቀጽ ይኸውና፦

«እትዬ ባለቤት የሌላቸውን የሰፈራችንን ውሾች ከሃያ ዓመት በላይ አብልታለች፣ አስከትባለች፣ ሲሞቱም ቀብራለች። ስለሚያዝናኗት ወይም ስለሚጠብቋት አልነበረም። ስለምትወዳቸው ነበር።»