የገበታ ልክ በማን እጅ ነው?

ሰው ክብደቱን ለመቀነስ ቆርጦ ሲነሣ ትግሉ ከማን ጋር ነው? «ከገዛ ሆዱ ጋር» የሚለው መልስ ይቀልላል፤ ስለሚቀልልም ብዙዎቻችን ሳንመረምር እንቀበለዋለን። በቋንቋችን «ሆዳም» ከሚለው የከፋ ስድብ ጥቂት ነው፤ ሆዱን መግዛት ያቃተው ሰው ወዳጁንም እውነቱንም ከመሸጥ አይመለስም ተብሎ ይታመናልና። ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ብሎት ያልሆነለት ሰውም የሚወቅሰው ፈቃዱን ነው፤ «እኔ እኮ ልጓም የለኝም» ይላል። እንዲህ ሲሆን የጤናው ጉዳይ ወደ ምግባር ጉዳይ ይለወጣል፤ ወፍራሙ ጥፋተኛ፣ ቀጭኑ ጻድቅ ሆኖ ይቆማል። የዚህ ጽሑፍ ጥርጣሬ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ለመሆኑ ልክ የበላተኛው የግል ንብረት ነውን?

በኢንዱስትሪ በበለጸገው ዓለም ለዚህ ጥያቄ አንድ የማያሻማ መልስ ተሰጥቷል፤ መልሱም ሳጥን ነው። ክላረንስ በርድዛይ የተባለው አሜሪካዊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምግብን በፍጥነት የማቀዝቀዝን ዘዴ ለኢንዱስትሪ አበቃ። በ1950ዎቹ ስዋንሰን የተባለው ኩባንያ ሙሉ እራትን በአንድ ትሪ ላይ ከፋፍሎና አቀዝቅዞ መሸጥ ያዘ። በ1981 ደግሞ በኔስሌ ሥር የነበረው ስቶፈርስ «ሊን ኩዊዚን» በሚል ስም እያንዳንዱ ከ300 ካሎሪ በታች የሆነ ምግብ መቅጠን ለሚሹ ሰዎች አቀረበ። ዛሬ በዚህ መልክ ከሚሸጠው ውስጥ ሥጋ የሌለበት ብዙ ነው፤ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽንብራው፣ ሩዙ፣ ፓስታው፣ ቅጠላ ቅጠሉ ሁሉ በየሳጥኑ ገብቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ግራሙና ካሎሪው በሳጥኑ ላይ ታትሟል፤ በላተኛው በማይክሮዌቭ ለጥቂት ደቂቃ ያሞቀዋል፤ ይበላል፤ ያልቃል። ድስት የለም፤ ጭማሪ የለም፤ «ትንሽ ልድገም» የሚል ሐሳብ ቢመጣ እንኳ የሚደገም ነገር የለም።

በዚህ ነገር መሣቅ ይቀናናል። መሣቁ ግን አይጠቅመንም፤ ሳጥኑ ይሠራልና። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለእነዚያው ሰዎች በተለያየ ቀን የተለያየ መጠን ያለው ማካሮኒ በአይብ አቅርቦ ነበር። 1000 ግራም በቀረበላቸው ዕለት፣ 500 ግራም ከቀረበላቸው ዕለት ይልቅ 30 በመቶ ያህል ብልጫ በሉ። ከግማሽ የሚበልጡት በቀረበላቸው መጠን መካከል ልዩነት መኖሩን እንኳ አላስተዋሉም። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ሌላ ጥናትም ለ8 ሳምንት የተመጠነ የሳጥን ምግብ የበሉ ሴቶች፣ ራሳቸው መጥነው እንዲበሉ ከተመከሩት የበለጠ ክብደት መቀነሳቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ልኩን የሚወስነው ሆድ አይደለም፤ ፈቃድም ብቻውን አይደለም፤ ከፊት የተቀመጠው ዕቃና ዕቃውን የሞላው እጅ ነው። ሳጥኑ የበላተኛውን ፈቃድ አላበረታም፤ ከሥራ አሰናበተው እንጂ። መመጠኑን ፋብሪካው ስለወሰደለት ሰውዬው ከትግሉ ዐረፈ። ይህ ነጻነት ነው ወይስ ሞግዚትነት? እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ነው እላለሁ፤ ሞግዚት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለም አልክድም።

ደግሞም የተመጠነ ድርሻ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአንድነት ገዳማት ለእያንዳንዱ መነኩሴ የሚታደለው የዕለት ምግብ መቁነን ይባላል። በቀድሞ ዘመን ለቤተ መንግሥት እንግዳ የሚቆረጥለት ቀለብ ድርጎ ነበር። ከቡናው አገር የሚነሣ ምሳሌም አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ የኦሮሞ ተዋጊዎች ቡናን ቆልተውና ፈጭተው ከቅቤ ጋር እያድቦለቦሉ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚዘምቱ፣ የቢሊያርድ ኳስ የምታህለው አንዷ ድቡልቡልም ከዳቦና ከሥጋ ይበልጥ ሰውን ቀኑን ሙሉ እንደምታቆም ጽፏል። ቡናን በቅቤ የማብሰሉ ልማድ፣ «ቡነ ቀላ»፣ ዛሬም በኦሮሞ ባህል የታወቀ ነው። ያች ድቡልቡል በአንድ ሰው ልክ የተዘጋጀች፣ ከቤት ርቀው የሚበሏት፣ ማብሰል የማያሻት ምግብ ናት። ከሳጥኑ የምትለየው ሰው እንዳይዝል እንጂ እንዲከሳ ባለመሠራቷ ነው።

መቁነን ግን ከሳጥኑ የሚለይበት ሌላ ነገር አለው። መነኩሴው ድርሻውን የሚቀበለው የማኅበር አባል ስለሆነ ነው፤ መጠኑም ከወንድሙ ጋር የሚያስተካክለው ነው። ሳጥኑ ግን በላተኛውን ከሌላው ገበታ ለይቶ ለብቻው ያስቀምጠዋል። አንዱ ልክ ያገናኛል፤ ሌላው ልክ ይለያያል።

እስቲ ነገሩን ወደ ጅማ እናምጣው። በቦሳ ኪቶ ቀበሌ የሚኖር፣ ዕድሜው 50 ያለፈ፣ በደሙ ውስጥ ስኳር የበዛበት አንድ መምህር እናስብ። ሐኪሙ «ክብደትህን ቀንስ» ብሎ ወረቀት ጽፎለታል። ሳጥኑ ለእርሱ አይሆነውም፤ የቀዘቀዘ ምግብ ከፋብሪካ እስከ ማዕድ ቤት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት ያለበት ስለሆነ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያስለቅስ ንብረት ይሆንበታል። ወዳጆቹም «ምን ሳጥን ያስፈልግሃል? የጾም ምግብ አለልህ አይደል?» ይሉታል።

በእርግጥ አለለት። የኦርቶዶክስ ምእመን ረቡዕንና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትንና ሌሎቹን አጽዋማት ሁሉ ከጾመ በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ከዚህ ልማድ የተወለደው በያይነቱም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን በአንድ እንጀራ ላይ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ያቀርባል። ከሩቁ ለሚያየው ሰው ከዚያ ሳጥን የሚሻል እንጂ የሚያንስ አይደለም። ይሁን እንጂ የጾም ልክ የዓይነትና የሰዓት ልክ ነው፤ የመጠን ልክ አይደለም። ቅቤው የቀረበት ወጥ ጣሙን የሚፈልገው ከዘይት ነው፤ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ጎመኑ በዘይት ይታሻል፤ ከሥር ያለው እንጀራ የተረፈውን ይመጠዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በአንድ በያይነቱ ላይ ስንት ማንኪያ እንደፈሰሰ ከወጥ ሠሪዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሰው ሁለት ወር ጾሞ ቀበቶው ቢጠብበው ተአምር አይደለም።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በጅማ ዞን፣ እንደ አጋሮ ባሉ የቡና ከተሞች ረመዳንም ይህንኑ ያሳየናል። ቀኑ በሙሉ ታግሦ የዋለ ሰው በማፍጠሪያው ሰዓት ሳምቡሳውና ጣፋጩ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። በእስልምና ትምህርት ሆድ አንድ ሦስተኛው ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛው ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛው ለትንፋሽ እንዲሆን መመከሩን የማያውቅ አማኝ ጥቂት ነው። ትምህርቱ የመጠን ትምህርት ነው፤ ገበታው ግን በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ጾምን ለወገብ ማጥበቂያ ልንከራየው አይገባንም፤ ጾም የተሠራው ለሌላ ነገር ነው፤ ያልተሠራበትን ሥራ አልሠራልኝም ብሎ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያ ሌላው ሕግ እንግዲህ የአስተናጋጁ ሕግ ነው። በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው የራሱ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚጀምርና የቱ ጋ እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ወሰን የሌለው አንድ እርሻ ነው። ወጡ ሲያንስ ይጨመራል፤ እንጀራው ሲሳሳ ይደረባል። «በቃኝ» የሚለው ቃል እንደ ትሕትና እንጂ እንደ መረጃ አይቆጠርም፤ መጀመሪያ ሲባል ማንም አይሰማውም፤ ሁለተኛ ሲባል «አፈር ስሆን» ይመጣል፤ ሦስተኛ ሲባል «በሞቴ»። በሰው ሞት ተለምኖ አንድ ጉርሻ እምቢ ማለት እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል! ጉርሻውም ብቻውን አይመጣም፤ አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተለዋል። መምህራችን በዚህ ገበታ ላይ ከሆዱ ጋር አይደለም የሚታገለው፤ ሆዱማ ቀድሞ ጠግቧል። የሚታገለው ከፍቅር ጋር ነው። ፍቅርን ማሸነፍ ደግሞ ረሀብን ከማሸነፍ እጅግ ይከብዳል፤ ያሸነፈ ሰው ጀግና ሳይሆን ኩሩ ተብሎ ነውና የሚነሣው።

ጥቂት ወራት ታግሎ ቢቀንስስ? መንገድ ላይ ያገኘው ወዳጁ «አማረብህ» አይለውም፤ «ምነው ከሳህ? ደኅና አይደለህም እንዴ?» ይለዋል። በእኛ ዘንድ መክሳት ወሬ ነው፤ ወይ ሕመም ገብቷል፣ ወይ ቤቱ ተጎድቷል፣ ወይ ሚስቱ አልያዘችውም ማለት ነው። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበትና መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን የሰው ቅጥነት እንዴት ባለ ዓይን ይታይ እንደነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በአንጻሩ ቦርጭ ለረጅም ጊዜ የሹመት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ይህን አመለካከት ኋላ ቀር ብሎ መሳለቅ ቀላል ነው፤ የበቀለበትን መሬት ላየ ግን አያስቅም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ያየ ሕዝብ መክሳትን በምን ዓይን እንዲያይ ይጠበቃል? ረሀቡ ካፈናቀላቸው የወሎ ሰዎች ብዙዎቹ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. እንዲሰፍሩ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ጅማ ዋና ከተማው የነበረው የከፋ ክፍለ ሀገር ነበር። «ብላ» የሚለው ቃል እንዲህ ባለ አገር ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ሞትን ከደጅ የመመለሻ ዘዴ ነው። «በሞቴ» ሲባል ሞት መጠራቱ በከንቱ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሳጥኑ ክብደትን የሚቀንሰው ዘይቱን በመለካቱ ብቻ አይደለም፤ አስተናጋጁን ከቤት በማስወጣቱም ጭምር ነው። የሚለምን የለም፤ የሚቀየም የለም፤ የሚታዘብ የለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ለሚል ሕዝብ ይህ ውድ ዋጋ ነው። ዋጋው ውድ ነው ብሎ በሽተኛውን ወደ መሶቡ መመለስና «በሞቴ» እያሉ ስኳሩን ማሳደግ ግን ፍቅር ሊባል አይችልም። ወይ መለካትና ብቸኝነት፣ ወይ መሶብና በሽታ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ምርጫ የለምን?

በቡናው አገር ላይ ተቀምጦ ይህን ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከረከቦቱ ላይ ነው። ከቡና ሥርዓታችን የበለጠ ለጋስ መስተንግዶ የለንም፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሳር ይጎዘጎዛል። የዚህ ሁሉ ልግስና መሥፈሪያ ግን ከዕቃዎቻችን ሁሉ ትንሿ ሲኒ ናት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ጊዜ፣ ለሁሉ እኩል። እንግዳው ስለተከበረ በብርጭቆ አይቀዳለትም፤ ሲኒዋ ስላነሰችም ማንም ንፉግ አይባልም። በረካን ጠጥቶ የሚነሣ ሰው አስተናጋጁን አላስቀየመም፤ ሥርዓቱ ራሱ ፈጽሞለታልና። እዚህ ልኩ በፋብሪካም በፈቃድም እጅ አይደለም፤ በልማድ እጅ ነው። ልግስናው የተቆጠረው በተደጋጋሚነቱና አብሮ በመቀመጡ እንጂ በዕቃው ስፋት አይደለም። (ስኳሩን ካነሣን ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው በሦስቱ ዙር 24 ግራም ያህል ስኳር ጠጥቷል፤ በገጠሩ ጨው የሚጨምሩት አባቶች በዚህ በኩል ቀድመውናል።) ለቡና ያወቅነውን ለወጥ ማወቅ ለምን እንዳቃተን ማሰብ ይገባናል። በምግብ ቤቶቻችን በያይነቱ ለአንድ ሰው በአንድ ሳህን መቅረብ ከጀመረ ቆይቷል፤ በቤታችን ግን እንዲህ ማድረግ ገና እንደ መለያየት ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ ስንል አንድ እጅ ዘለን መጥተናል። ሲኒውን የሚሞላው፣ ወጡን ከድስት የሚያወጣው እጅ የሴት እጅ ነው። የፋብሪካው ሚዛን በእኛ ቤት ጭልፋ ይባላል። ባለ ጭልፋዋ በቀን ሁለት ሦስቴ ትለካለች፤ የምትለካው ግን በካሎሪ ሳይሆን በክብር ነው፤ ለእንግዳው ይህን ያህል፣ ለአባወራው ይህን ያህል፣ ለልጆቹ ይህን ያህል፤ ለራሷ የድስቱን ጥራጊ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 22 በመቶው ከጤናማው ልክ በታች ቀጭን ሲሆኑ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ።

መምህሩ ከሐኪሙ ዘንድ ሲመለስ ወረቀቱን ለሚስቱ ያነብላታል። ከነገ ጀምሮ ለእርሱ ዘይቱ የቀለለ ወጥ ለብቻ፣ ለልጆቹ የተለመደው ለብቻ፣ እንግዳ ከመጣም ሌላ ይሠራል፤ አንዱ ማድቤት ሦስት ይሆናል። ከተሳካ «ጎበዝ፣ ቀነስክ» የሚባለው እርሱ ነው፤ ካልተሳካ ደግሞ «አልያዘችውም» የምትባለው እርሷ ናት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ግን የእርሱ ብቻ ነው፤ እርሷ ምን ያህል እንደምትበላ የጠየቀ ሐኪምም ባልም የለም።