አሮጌ መኪና መውደድ ኢስራፍ ነውን?

 

በአገራችን ከተሞች ጎዳና ላይ ስትሄዱ፣ ከአዳዲሶቹ መኪኖችና ከባጃጆቹ መካከል ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሚንኳኳ አንዲት ቮልስ ብቅ ስትል ታያላችሁ። ባለቤቷ ሌላ አጥቶ የሚነዳት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ወዷት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካንዴላዋን ፈትቶ ያጸዳል፣ ለጠፋ የበር እጀታ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ይልካል፣ የበሰበሰ ላሜራዋን በያጅ ዘንድ ወስዶ ያስጠግናል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብም ጊዜም ይወጣል። ታዲያ ይህ በዲናችን ዓይን እንዴት ይታያል? ሐላል መዝናኛ ነው ወይስ ኢስራፍ? ገንዘቡ ለየቲም ወይም ለልጆች ትምህርት ቢውል አይሻልም ነበር?

ይህን ጥያቄ በቀልድ የሚያልፈው ይኖራል። እኔ ግን በእንዲህ ያለች መኪና ምክንያት የተቀያየሙ ወንድምና እህት ስለማውቅ ቀልድ ሆኖ አላገኘሁትም። የእነሱን ነገር በኋላ አነሳዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ መኪናዋ ጥቂት እንበል። ቮልስ የጀርመን ሥራ ናት። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ ውሃ ፈላ ተብሎ አይቆምም። ሥሪቷ ቀላል በመሆኑ መካከለኛ ዕውቀት ያለው መካኒክ ከፍቶ ይገጥማታል። ጀርመን ውስጥ ማምረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ ወጥታለች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሮልስ ሮይሳቸው ሳይሆን በቮልስ ነበር። (በመጓጓዣ የሚኮራ ሰው ይህችን ቀን ቢያስብ ይጠቅመዋል፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።)

በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና ማደስ በአብዛኛው የባለጸጋ ጨዋታ ነው። በእኛ አገር ነገሩ ይለያል። አዲስ መኪና መግዛት ለብዙው ሰው ሕልም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድሞውኑ አገር ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና፣ ቆርቆሮ ናት ተብላ የተናቀችው ሁሉ፣ ዋጋ አወጣች። ይህን ልብ በሉልኝ። ዋጋ ያለው ነገር ሐቅ የሚነሳበት ነገር ነውና።

አንዳንድ ወንድሞች ነገሩን ከሥሩ ይዘጉታል። ከመጓጓዝ ያለፈ ሁሉ ለህው ነው፣ ሙእሚን በብረት አይደሰትም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በሱረቱ አን-ነሕል ውስጥ አላህ (ሱ.ወ) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ሲጠቅስ ለመቀመጫ ብቻ አላላቸውም፤ ጌጥም መሆናቸውን አክሎ፣ ገና የማናውቀውን እንደሚፈጥርም ነግሮናል። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች መኪናንና አይሮፕላንን የሚያስገቡት በዚህ ሥር ነው። ከዚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ከብቶች ማታ ሲገቡና ጠዋት ሲሰማሩ ለባለቤታቸው ውበት እንዳላቸው ተወስቷል። የወላይታ ገበሬ ይህን ያለ ተፍሲር ይረዳዋል። ላሞቹ ሲመሹ ደጁ ላይ ቆሞ የሚያያቸው ወተታቸውን እያሰላ ብቻ አይደለም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን ያወዳድሩ ነበር፤ ለውድድር የተዘጋጁት ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ ይሮጡ እንደነበር ኢብኑ ዑመር ዘግበዋል። በሚጋልቡት ነገር መደሰት እንግዲህ ነውር አይደለም።

ታዲያ ወሰኑ የት ላይ ነው? ለእኔ ይህን ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚፈታልኝ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት ሐዲስ ነው። በዚያ ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ለአንዱ አጅር፣ ለሌላው መሸፈኛ፣ ለሦስተኛው ወንጀል እንደሚሆን አስተምረዋል። የመጀመሪያው በአላህ መንገድ ያሰረው ነው። ሁለተኛው ከሰው እጅ ላለመጠበቅ የያዘውና በአንገቱም በጀርባውም ላይ ያለውን የአላህ ሐቅ ያልረሳው ነው። ሦስተኛው ለጉራ፣ ለይዩልኝና ሙስሊሞችን ለመጣላት የያዘው ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሦስቱም ዘንድ ያለው እንስሳ አንድ ዓይነት ነው። ገለባው አንድ፣ ኮቴው አንድ። ልዩነቱን ያመጣው በጀርባው ላይ ያለውን ሐቅ ባለቤቱ ማስታወሱና መርሳቱ ነው። ከዚያ ሰዎች ስለ አህያስ ብለው ጠየቋቸው። ስለ አህያ ለብቻው የወረደ ነገር የለም ብለው፣ የብናኝ ክብደት ታህል መልካምም ክፉም የሠራ ያገኘዋል ወደምትለው አጠቃላይ አንቀጽ መለሷቸው። ስለ ቮልስም ለብቻው የወረደ የለም፤ መልሷ ከአህያዋ መልስ ጋር አንድ ነው።

እንግዲህ በዚች መኪና ጀርባ ላይ የማን የማን ሐቅ አለ?

የሶላት ሐቅ አለ። ነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ምርጥ ፈረሶች ማታ ሲቀርቡላቸው እስኪሰወሩ ድረስ ማየታቸው በሱረቱ ሷድ ተወስቷል። ብዙዎቹ ሙፈሲሮች ዐስር ያመለጣቸው ያኔ ነው ይላሉ። ከዚያ ፈረሶቹን አስመልሰው ስላደረጉት ግን ተለያይተዋል፤ አረዷቸው የሚሉ አሉ፣ አንገትና እግራቸውን በፍቅር ዳሰሱ የሚሉም አሉ። ለእኛ የሚበቃን ብዙዎቹ መውደዱን ሳይሆን መዘናጋቱን መናገራቸው ነው። ከመኪና ሥር ተኝቶ እጁ ግሪስ የነካ ሰው ይህቺን ቡሎን ላጥብቅ እያለ ዐስር ወደ መግሪብ ሲጠጋበት አይቻለሁ።

የቤተሰብ ሐቅም አለ። ኢስራፍ በብሩ ብዛት ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ወጪ ተሟልቶለት አሥር ሺህ ብር ለካርቡራተር የሚያወጣ አለ። ዱቤ ሱቅ ያለበትን ሳይከፍል አምስት መቶ ብር ለመወልወያ የሚያወጣም አለ። የመካኒኩም ድካም እንዲሁ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ታዝዘናል። ስንቱ ባለ መኪና ነው መካኒኩን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ የሚያመላልሰው!

አሁን ወደ ወንድምና እህቱ ልምጣ። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልናገርም። አባታቸው ሲሞቱ ከሌላው ንብረት ጋር ጎማዋ የተኛ፣ ሣር የበቀለባት አንዲት ቮልስ ተዉ። እናታቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ወራሾቹ እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ እንደ ሸሪዓው ተካፈለ፤ መኪናዋን ግን ማንም ንብረት ብሎ አልቆጠራትም። ወንድም ወደ ጋራዥ ወሰዳት። ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ ወለሉን በልቶት ነበር፤ በላሜራ አስበየደው። ሞተሯን አስወርዶ አሠራ። ሦስት ዓመት ለፋባት። ልክ ተነስታ ከተማ ውስጥ መታየት ስትጀምርና ገዢ ዋጋ ሲጠራላት፣ እህት «የእኔስ ሲሶ?» አለች።

«ኡስታዝ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ ወንድም። «ሣር ሲበቅልባት የት ነበረች? እኔ እኮ ለመሸጥ አይደለም፤ የአባቴ መታሰቢያ ናት።»

ፍርዱ የዑለማዎች ነው አልኩት፤ ሐሳቤን ግን አልደበቅኩትም፣ ከእናንተም አልደብቅም። አባት ነፍሳቸው በወጣች ጊዜ፣ ከቀብር ወጪና ከዕዳ በኋላ፣ የዚያች የዛገች ቆርቆሮ ሲሶ የእህት ሆነ። ዝገቱ ሐቋን አላጠፋውም። ለአባት ያለን ናፍቆትም የሌላውን ድርሻ ወደ እኛ አያዛውርም፤ እሳቸው የእሷም አባት ናቸው። በሌላ በኩል የወንድም ድካምና ወጪ ከንቱ አይደለም፤ ባይለፋባት ኖሮ የሚጠየቅ ዋጋም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ዋጋ የሚያውቁ ሁለት መካኒኮች ይጠሩ። ሳትታደስ ብትቀር ዛሬ ምን ታወጣ ነበር፣ አሁን ባለችበትስ ምን ታወጣለች የሚለውን ለይተው ይናገሩ። ዓሊሙ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወስን፤ ወንድም ድርሻዋን ገዝቶ ያስቀራት። እህት ይቅር ብዬዋለሁ ካለችም መልካም ነው። ግን የእኛን አገር ይሉኝታ እናውቀዋለን። ሽማግሌ ፊት ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ «ይሁን» ያለች እህት ስንት ጊዜ ነው ፈቀደች ተብሎ የተጻፈባት? ብቻዋን፣ ግምቱ ተነግሯት፣ እምቢ ማለት እንደምትችል አውቃ ካልተጠየቀች ያ ይቅርታ አይባልም። ነገሩ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አላለቀም። መኪናዋ አጥር ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች።

አድሶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። ለመሸጥ ብሎ የገዛት ከሆነች የንግድ ዕቃ ናት፤ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞርባት ከዋጋዋ ሁለት ተኩል በመቶ ዘካ አለባት። ለራሱ የሚነዳት ግን ዘካ የለባትም። ሁለተኛው ስቱኮ ነው። ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም የቀባ ሰው ለገዢው ካልነገረ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥቡን ያገኙበትን ነጋዴ መሰለ። ያ ሰው ዝናብ መታው ብሎ ነበር። ሰው እንዲያየው ከላይ አታደርገውም ነበር ወይ ተባለ።

በመጨረሻ፣ ከቤታችን ውጭ ያለው ሰው ሐቅ አለ። የድሮዎቹ ቮልሶች የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ሶዶ ደግሞ በዳሞት ተራራ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ሁምቦ ሲወረድ፣ በተለይ በገበያ ቀን፣ የመንገዱን ዳር ይዘው የሚሄዱት ሸክም ያጎነበሳቸው እናቶች፣ ልጆችና አህዮች ናቸው። እነሱ ቀለሟን አያዩም። ስለዚህ መኪናዋን ለማስነሳት ያሰባችሁ ወንድሞች ቀለሙን ለሌላ ወር አቆዩትና መጀመሪያ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹን ለውጡ። ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ስለሚበሰብሱ በዓይን አይታወቁም። ፓምፑንና ሸራውንም በዚያው አሳዩ።