ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መቼም ደጅ የጠና መሆን አለበት። ሹመት ከንጉሥ አፍ በምትወጣ አንዲት ቃል ይሰጥና ይነሣ በነበረበት ዘመን፥ ውለታውን ሌላ ሰው እንዲነግርለት ከግቢ በር ቆሞ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፥ በሥራ የሚያንሰው፥ አንደበቱ ግን የተፈታለት ባልንጀራው ነጋሪት ሲጎሰምለት አይቶ፥ በቁጭት የተናገረው ይመስለኛል። ስለዚህ የተረቱ ሚዛን ትርፍ ነው፤ መናገርን የሚያመሰግነው ስለሚያስገኘው ሲሳይ እንጂ ስለ ቃሉ ክብር አይደለም።

ያው ሕዝብ «ዝም አይነቅዝም» ብሎም ተርቷል፤ ይሉኝታ የሚባለው ዳኛም የተቀመጠው በዚህኛው ወገን ነው። ቋንቋችን ራሱ በነገሩ የተቸገረ ይመስላል፤ የሚገባውን መጠየቅ የሚፈራውን «ዓይን አፋር»፥ ያለ ልክ የሚጠይቀውን «ዓይን አውጣ» ይላል፤ በመካከላቸው ዓይኑን ቀና አድርጎ ልኩን የሚናገረውን ሰው ግን በአንድ ቃል ለመጥራት ያዳግተናል። «ቆፍጣና» አለ፥ ነገር ግን ወታደር ወታደር ይሸታል።

ይህን ስም ያላገኘንለትን ሰው ጎርጎራ ላይ አየሁት። አንድ ሽማግሌ ከጣና ዳር ተቀምጠው ደንገሉን እያጠጋጉ፥ ልጡን በጥርሳቸው እየሳቡ ታንኳ ያስራሉ። አንድ ጎበዝ መጥቶ ዋጋ ጠየቀና «አባባ፥ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ፤ ለነገሩ ሣር አይደል?» አላቸው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ ሳይቆጡም፥ ለማባበል ፈገግ ሳይሉም «ልጄ፥ ሣሩማ ከዳር ሞልቶልሃል፤ እኔ የምሸጥልህ ሥራዬን ነው» አሉት። ጎበዙ ጥቂት ቆሞ፥ ሳይገዛ ሄደ። እርሳቸው ልጡን መሳብ ቀጠሉ። በተረቱ ሚዛን ሽማግሌው ከስረዋል፤ በእኔ ሚዛን ግን ያን ቀን በወደቡ ላይ ያልከሰረ ሰው እርሳቸው ነበሩ።

ጎርጎራ ከዚህ የከበደ ምስክርም አላት። በ1622 እ.ኤ.አ. ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በግልጥ በተቀበለ ጊዜ፥ ያሳመነው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም በዚያው ዓመት በዚሁ በጎርጎራ በሞተ ጊዜ፥ ዝም ማለት ለመኳንንቱ ርስትን የሚጠብቅ ጥበብ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ግን፥ የንጉሡ ሹም የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ሆና የተመቻቸ ኑሮ ሳላት፥ ባሏ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከተገደሉበት ዘመቻ ከተመለሰ በኋላ ከዚያ ዓመት አስቀድማ ትታው ሄዳ መነኮሰች፤ ኋላም የንጉሡን ሃይማኖት በአደባባይ ነቀፈች፤ ለፍርድ ቀርባም አልመለስም በማለቷ ወደ ዠበይ በረሃ ተጋዘች። ንጉሡም በመጨረሻ ተናገረ፤ በወይና ደጋ ጦርነት ከደረሰው እልቂት በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብሎ ዐዋጅ አስነግሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። እንግዲህ ተናግሮም ደጃዝማችነት ቀርቶ ንጉሥነት ይቀራል።

መናገር እንዲህ ዋጋ ቢያስከፍልም ለተናጋሪው የሚሰጠው አለ፤ በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፔ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የልብን በቅንነት መናገርና ፍርሃት በአንድ ደረት አብረው አያድሩምና አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል የሚል አሳብ አቅርቧል። እኔ የማውቀው ግን ፍርሃቱ ሲገባ ንግግሩ የሚወጣበትን ወገን ነው። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ተራ ይዤ ስጠብቅ፥ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ከፊቴ ገባ፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ዝም አልሁ፤ ማታ ግን ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው እየጨመርሁ፥ ሳልናገር የቀረሁትን ሁሉ ተናገርሁ። እርሷም «ታዲያ ይኸን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለችኝ። ዝም ይነቅዛል፤ ሌሊቱን ሲነቅዝ አድሮብኛል።

ስለዚህ ተረቱን የምቀበለው ከግማሹ ነው፤ «ካልተናገሩ» የሚለውን ይዤ ደጃዝማችነቱን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 እ.ኤ.አ. ዐርፋ በጣና በሬማ ደሴት ተቀበረች፤ ገድሏ በ1672 እ.ኤ.አ. ተጻፈ። የባሏን ስም ዛሬ አብዛኛው አንባቢ የሚያገኘው በእርሷ ገድል ውስጥ ነው።